ቤቱስ የማን ነው?

እህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? "ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ" ብዬ ልጀምር ነበር። ከዚያ ስትስቂብኝ ታየኝና ተውኩት። እኔ ደህና ነኝ። አንቺም ደህና እንደሆንሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለምን እንደጠፋሁ ሳታውቂው አትቀሪም። ለማንኛውም ልናዘዝ፤ አኩርፌ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በሦስት ቃል።

የጽሑፌን ረቂቅ ሰጥቼሽ በሳምንቱ መለስሽልኝ። ሠላሳ ገጽ አገላብጠሽ የጻፍሽው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገጽ 14 ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ፣ "ቤቱስ የማን ነው?" ከሥሩ ሁለቴ አስምረሽበታል። ሁለተኛውን መስመር ስታሰምሪ እጅሽ ጠንክሮ ወረቀቱን ቀዶታል። ስድስት ወር የለፋሁበትን ነገር በአንድ ጥያቄ አጣጣለችው ብዬ በገንሁ። ስትደውዪ አላነሳሁም። ቀኑ ሲገፋ ንዴቱ በረደና እፍረት ተተካ። እፍረት ደግሞ ከንዴት ይብሳል፤ ስልክ አያስነሳም።

ሰሞኑን የድሮ ወረቀት ሳገላብጥ ረቂቁ እጄ ገባ። ገጽ 14 የኢስታንቡሉን የቆሻሻ ክምር የጻፍኩበት ነው። የኔ አንቀጽ አጭር ናት። መንግሥት የዜጎቹን ሕይወት ከአካባቢ አደጋ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ፍርድ ቤቱም ይህን አረጋግጧል፣ አለቀ። ከሥር አንድ የግርጌ ማስታወሻ አለች። አሁን እውነቱን ልንገርሽ? ፍርዱን ያኔ አላነበብኩትም። ማስታወሻዋን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ነው የገለበጥኳት። እሱም ከሌላ ሰው ሳይገለብጥ አይቀርም።

አሁን ግን ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። አንቺ እንደምታውቂው ባውቅም እስኪ ላውራው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ቦታው ኡምራኒዬ የሚባል የኢስታንቡል ሰፈር ነው። ድሆች ቆሻሻ መጣያው ሥር ቤት ቀልሰው ይኖራሉ። በ1991 ባለሙያዎች ሪፖርት አቀረቡ። ክምሩ ውስጥ ሚቴን ጋዝ እየተጠራቀመ ነው፣ መከላከያ የለውም፣ ሊፈነዳ ይችላል አሉ። ሪፖርቱን ይዘው ባለሥልጣናቱ እርስ በርስ ሲካሰሱ ሁለት ዓመት አለፈ። ኤፕሪል 28 ቀን 1993 ፈነዳ። ክምሩ ተንዶ ቤቶቹን ቀበረ። 39 ሰው ሞተ። ከሳሹ ሰውዬ ከቤተሰቡ ብቻ ዘጠኝ ሰው አጣ። ሁለት ከንቲባዎች ተከሰው ጥፋተኛ ተባሉ፤ የተፈረደባቸው መቀጮ አሥር ዩሮ እንኳ አይሞላም። እሱም ታገደላቸው።

የሕይወት መብቱ ጉዳይ እስካሁን ሁሉም የሚያወራው ነው። አንቺ የጠየቅሽው ግን ስለሚቀጥለው ክፍል ነበር። ሰውዬው የቤቴንና የዕቃዬን ካሳ ብሎም ጠይቋል። የመንግሥት መልስ ደግሞ እንደ ሕግ ተማሪ ካየሽው ቀላል ነው፤ የምን ቤት? መሬቱ የመንግሥት ነው። የግንባታ ፈቃድ የለም። የባለቤትነት ወረቀት የለም። ሕገ ወጥ ሰፋሪ ነው።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በ2004 ምን አለ መሰለሽ? መሬቱ ያንተ አይደለም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቤቱን ስትሠራ ባለሥልጣናቱ እያዩ ዝም አሉ። አምስት ዓመት ያህል ስትኖርበት ዝም አሉ። ግብር አስከፍለውሃል። አገልግሎት አቅርበው ሒሳብ ተቀብለውሃል። ስለዚህ ቤቱ በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት መሠረት ጥበቃ የሚገባው ንብረት ነው። ግብር ሲሰበሰብበት ቤት፣ ሲፈርስ ሸራ ማለት አይቻልም። (የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የኔ ናት፤ ዳኞቹ እንዲህ አያወሩም።)

ይህን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። ያኔ ደረጃው ላይ ቆመን ስንከራከር የኔ አቋም ምን ነበር? ንብረት የበካዩ ጋሻ ነው። ፋብሪካው "መሬቴ ነው" ይላል፣ ባለሀብቱ "ደንብ ካወጣችሁብኝ ካሳ" ይላል። ስለዚህ የአካባቢ ሕግ ዋና ሥራው ንብረትን መግራት ነው፤ እንዲህ ነበር የምለው። አንቺ ደግሞ "ድሃ ከቤቱ ሌላ ምን ይዞ ይከራከራል?" አልሽ። እኔ ሳቅሁ። ያ ሳቅ ነው አሁን የሚያቃጥለኝ።

ጥፋቱን ብቻዬን ግን አልሸከመውም። የሙያችንም ነው። የአካባቢ ሕግ የሚጽፈው ሰው፣ ንብረት ሕግ የሚያስተምረውና የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ አንድ ፎቅ ላይ እየሠሩ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። አንዱን ፍርድ ሦስቱም ይጠቅሱታል። አንዱ "የሕይወት መብት" ብሎ ይመዘግበዋል፣ ሌላው "የቆሻሻ አወጋገድ"፣ ሌላው "የይዞታ ትርጉም"። ያ ሰውዬ ግን ቤተሰቡንና ቤቱን ያጣው በአንድ ቀን፣ በአንድ ክምር ሥር ነው። እኔ ከሦስቱ መዝገብ አንዱን ብቻ ከፍቼ ነበር። ያውም በሰው ቁልፍ።

እጄን ሙሉ በሙሉ ሰጠሁ ግን እንዳትዪ። የአሜሪካኑ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጉዳይ ትዝ ይልሻል፣ የ1970ው? አልባኒ አጠገብ ያሉ ጎረቤቶች በአቧራው፣ በጭሱና በንዝረቱ ተማረው "ሁከት ይወገድልኝ" ብለው ከሰሱ። ንብረት ነበራቸው፣ ወረቀትም ነበራቸው። የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ሁከቱ መኖሩን ተቀበለ። ቀጥሎ ግን ሚዛን አወጣ። ባንድ በኩል ከ45 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት፣ ከ300 በላይ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ፤ በሌላ በኩል በጠቅላላው 185 ሺህ ዶላር የተገመተ ጉዳት። ፋብሪካው ይክፈልና ይቀጥል ተባለ። በልዩነት የወጣው ዳኛ ይህ ለሚቀጥል ጥፋት ፈቃድ መስጠት ነው ብሎ ጻፈ። እኔ አሁንም ከሱ ጋር ነኝ። ንብረት ብቻውን ሲቆም የሚሸጥ ነገር ይሆናል፤ አየሩ ሳይቀር ዋጋ ይወጣለታል። ያልከሰሰው ጎረቤት ደግሞ አቧራውን በነጻ ይምጋል።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ። አሁን የሚመስለኝ፣ ኢስታንቡል ላይ ንብረት ከሕይወት ጋር ተያይዞ ነው የቀረበው፤ አልባኒ ላይ ከገበያ ጋር። ኒካራጓ ላይ የተፈረደውንም እዚህ ላይ ጨምሪው። መንግሥት የአንድን ነባር ሕዝብ ጫካ 62 ሺህ ሄክታር ያህል ለእንጨት ኩባንያ ሰጠ። ሕዝቡ ካርታ አልነበረውም። የአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2001 የንብረት መብት የሚለው አንቀጽ የጋራ ይዞታንም ይጠብቃል፣ መሬቱን በልማድ የያዘ ሕዝብ ወረቀት ስለሌለው ባዶ እጁን አይቀርም አለ። ወረቀቱን እጃቸው ያስገቡት ግን በ2008 ነው። ፍርድና አፈጻጸም መሃል ሰባት ዓመት! አንቺ ችሎት የምትውዪ ሰው ነሽና አይገርምሽም።

ስለ አዲሱ መብት ምን ትያለሽ? በ2022 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ፣ ጤናማና ዘላቂ አካባቢ ሰብአዊ መብት ነው ሲል 161 አገር ደገፈ፣ 8 ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ፣ የተቃወመ የለም። የኔ ሰፈር ሰዎች፣ የአካባቢ ሕግ ጸሐፊዎቹን ማለቴ ነው፣ እልል አሉ። እኔም ጽፌያለሁ። ግን ማንም ያልተቃወመው ነገር ትንሽ ያስጠረጥረኛል። ውሳኔው አስገዳጅ አይደለም፤ ለዚያም ይሆናል እጅ ማውጣቱ የቀለለው።

ከዚያ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ያው የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ2024 በስዊዘርላንድ መንግሥት ላይ የፈረደው ነው። አሮጊቶች ማኅበር አቋቁመው የአየር ንብረት ለውጡ ያመጣው ሙቀት እየገደለን ነው ብለው ከሰሱ፣ ረቱም። ልብ በዪ፤ የረታው ማኅበሩ ነው። በግላቸው የከሰሱት አራት ሴቶች የተጎጂነት መስፈርቱን አላሟላችሁም ተብለው ተመለሱ። ጉዳቱ የሁሉም ሲሆን የማንም አይደለም እንደ ማለት ነው። ያን ሳነብ ምን አደረግሁ መሰለሽ? እርሳስ አንስቼ ኅዳጉ ላይ "ጉዳቱስ የማን ነው?" ብዬ ጻፍኩ። ሁለቴ አሰመርኩበት። ወረቀቱን ግን አልቀደድኩም።

ጽሑፉን እንደ አዲስ እየጻፍኩት ነው። ርዕሱ ተቀይሯል፣ ግማሹ ገጽ ተጥሏል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አዲሱን ረቂቅ ልኬልሻለሁ። ጊዜ እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ ስለ ንብረቱ የሚያወራውን ክፍል ብቻ እይልኝ። ኅዳጉን ሰፋ አድርጌዋለሁ።

የድሮውን ረቂቅ ጥዬዋለሁ። ገጽ 14ን ግን አስቀርቻታለሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፣ ቀዳዳዋን ከጀርባ በፕላስተር ለጥፌላታለሁ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። አሁን አነሳለሁ።

ያንቺው፣
አኩራፊው ጓደኛሽ