የአትክልት ክበብ፦ የተንጋደደው መደብ

የክበባችን የዓመቱ ዋና ሥራ አንድ መደብ ነበር። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ መሃሉ ላይ ሁለት መንገዶች የሚቋረጡበት። ቀላል ይመስላል። እኛም መስሎን ነበር። በመጀመሪያው መንፈቅ በዓይን ለክተን ችካል ተከልን፣ ሲባጎ ወጠርን፣ ቆፈርን። ታች ቆሞ ላየው እንከን የለውም። ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ሲታይ ግን ጎኑን የተገፋ ሳጥን ይመስላል። ልጆቹ ጥፋቱን በመስኮቱ አሳበቡ።

የድሮውን የመኳንንት ግቢ ለመጎብኘት የሄድነው በዚህ መሃል ነው። ስለ ጉዞው ብዙ አልናገርም። አርፍደን ደረስን፣ ምሳችንን መኪና ውስጥ ረስተን ገባን። ልጆቹ ገና ከበሩ ወደ አበቦቹ ሊሮጡ ሲሉ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ አስቆሟቸው። «መጀመሪያ ሰገነቱ ላይ ውጡ» አሉ። ወጣን። ታች ሆነን ተራ ቁጥቋጦ የመሰለን ሁሉ ከላይ ጥልፍ ሆኖ ቁጭ አለ። ግራው የቀኙ መልክ ነው፤ መሃል መስመሩ ከቤቱ በር ተነስቶ እስከ ኩሬው ይዘልቃል። ለካ እንዲህ ያለው አትክልት የሚቀየሰው ከላይ ለሚያየው ሰው ነው።

ኩሬው ቅርብ ይመስል ነበር። አንዲት ተማሪ «200 እርምጃ ቢሆን ነው» ብላ ተወራረደች። ቆጥራ ስትደርስ 410 ሆነ። ይህን ማታለያ በክበብ ሰዓት አይተነው ነበር። አንድሬ ለ ኖትር የተባለው ፈረንሳዊ የአትክልት ቀያሽ ቮ-ለ-ቪኮምት በሚባለው የፈረንሳይ መኳንንት ግቢ ራቅ ያለውን ኩሬ ከቅርቡ አስፍቶ ሠራው፤ ዓይን ርቀቱን እንዳይነቃበት። ትልቁን ቦይ ደግሞ ከቤቱ እንዳይታይ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ደበቀው። የግቢው ባለቤት፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ፉኬ በ1661 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ ንጉሡን ሉዊ 14ኛን ጋብዞ ደገሰ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ታሰረ። ልጆቹ ከትምህርቱ ሁሉ የያዙት ይህን ነው።

አትክልተኛው አንድ ቁጥቋጦ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ተደርጎ እንደሚከረከም አሳዩን። አለዚያ ላይኛው ታችኛውን ፀሐይ ይከለክለውና እግሩ ይራቆታል። የእኛዎቹ በሙሉ ተገልብጠው የተከረከሙ ናቸው! ዝም አልኩ።

ስለ መደባችን ግን አልደበቅንም። «አግድም ለካችሁ?» አሉን። አልለካንም። በማግስቱ ከጥግ እስከ ጥግ ስንለካ አንዱ 10.40፣ ሌላው 9.60 ሜትር ወጣ። ጎኖቹ 6 እና 8 ከሆኑ ሁለቱም 10 መሆን ነበረባቸው። ፓይታጎረስን ባለፈው ዓመት ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። እሱን ሳስብ አሁንም አፍራለሁ።

ነቅለን እንደገና ቀየስን። ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ሁለት ልጆች ተሰላችተው ወደ ድራማ ክበብ ኮበለሉ። አሁን ልዩነቱ 2 ሳንቲሜትር ነው፤ መስኮቱም ከክስ ነፃ ወጥቷል።

መደቡ በተመረቀበት ቀን ልጆቹ የቬርሳይን፣ የዚያው ንጉሥ ቤተ መንግሥትን፣ ዘዴ እንሞክር አሉ። እዚያ ውሃው ለሁሉም ፏፏቴ አይበቃም ነበርና ንጉሡ ሲቃረብ ሠራተኞቹ በፉጨት እየተጠራሩ የፊቱን ይከፍቱ፣ ያለፈውን ይዘጉ ነበር። አንዱን ልጅ ቧንቧው ጋ አቆምነው። ርዕሰ መምህሩ ብቅ ሲሉ ተፏጨ። ውሃ የለም። እንደገና ተፏጨ። ለካስ ጎማው ታጥፏል። ርዕሰ መምህሩ አይተው፣ አመስግነው፣ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ውሃው መጣ።