ሞክሼሽን አገኘኋቸው

ሉሊትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ «እንደምን ሰነበትሽ» ማለት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ስትሰድቢኝ ይታየኛል። ስድቡን ለሌላ ቀን አቆይልኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ሞክሼሽን ስላገኘሁ ነው።

አሁን ፍራንክፈርት ነኝ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። እዚህ ትልቅ ሰው የሚጠራው በቤተሰቡ ስም ነው፤ ከፊቱ «ፍራው» ወይ «ሄር» ይገባበታል፣ እንደ እኛ ወይዘሮና አቶ። የራሳቸውን ስም የማየው መድኃኒት ሳድል ወረቀታቸው ላይ ነው። ጌርትሩድ፣ ሂልደጋርድ፣ ማቲልዴ፣ ሄድቪግ። መጀመሪያ ሰሞን ምላሴ ይተሳሰር ነበር። እየቆየሁ ግን ትርጉማቸውን ማነፍነፍ ጀመርኩ። ታውቂኝ የለ፣ ስም ሰምቼ ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ አላድርም።

ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ጦርነት! «ጌር» በጥንቱ ጀርመንኛ ጦር ነው፣ የሚወረወረው። «ትሩድ» ብርታት። እንግዲህ እኔ ሾርባ በማንኪያ የማጎርሳቸው፣ ድመት ባዩ ቁጥር እንባ የሚቀድማቸው ጌርትሩድ ባለ ጦር ጀግና ናቸው። «ሂልድ» ደግሞ ውጊያ ነው። ሂልደጋርድ ውስጥ አለ፣ ማቲልዴ ውስጥም አለ፤ ማቲልዴ ላይ ኃይል ይጨመርበታል። የእኛዋ አየለች በያት። የሄድቪግ ግን ይብሳል። ፊተኛውም ውጊያ፣ ኋለኛውም ውጊያ። ለካ በድሮ ጊዜ ልጅ ሲወለድ አንዳንዴ ከአባት ስም ግማሽ፣ ከእናት ወገን ግማሽ ወስደው ይገጣጥሙ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ትርጉም ይስጡ አይስጡ ብዙም አላስጨነቃቸውም።

የገረመኝስ ባለስሞቹ ራሳቸው አለማወቃቸው ነው። እኛ ብርቱካን ስንል ብርቱካኑ ይታየናል። በላይነሽ ስሟን ማንም ሳይተረጉምላት ትኮራበታለች። ጌርትሩድን «ስምዎ ምን ማለት ነው?» ብላቸው «ጌርትሩድ ነዋ!» ብለው ገላመጡኝ። ቃሎቹ ከሰው አፍ ከጠፉ ብዙ መቶ ዓመታቸው ነው። ስሙ ብቻ ቀረ።

በኋላ የቅዱሳን ስም ገባና እነ አና፣ እነ ካታሪና በዙ። ኤልሳቤጥን ቆራርጠው ኤልዛ፣ ኢልዜ፣ ሊዝል አደረጓት። ኡርዙላ ከላቲን ነው፣ ትንሿ ድብ! ሰው ልጁን ድብ ይላል? ሄልጋ ከወደ ስካንዲኔቪያ የመጣ ሲሆን ቅድስት ማለት ነው። ፍሪዳ ደግሞ ሰላም ከሚለው ቃል ነው። ስለዚህ በልቤ «የቅድስትን አንሶላ ቀየርኩ፣ ሰላማዊትን ቁርስ አበላሁ» እያልኩ እውላለሁ። ብቻዬን ስስቅ ባልደረቦቼ ያዩኛል።

የዘንድሮ ሕፃናት ሌላ ናቸው። ኤማ፣ ሐና፣ ሚያ። ሚያ የማርያም ቁራጭ ናት። ግን የአያቶቹም ስም እየተመለሰ ነው፤ አንዷ ባልደረባዬ ባለፈው ወር የወለደቻትን ፍሪዳ አለቻት። እኛ ሰፈር ዛሬ የተወለደች ልጅ የሺእመቤት ስትባል አስቢው። እኔ ግን ደስ ይለኛል።

እና ሞክሼሽ። አንድ ጠዋት ወረቀት ላይ «ማርጋሬቴ» የሚል አየሁ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ዘመዶቻቸው የሚጠሯቸው ግሬቴ ብለው ነው። ግሬትልም ግሬትሽንም ያው ማርጋሬቴ ናቸው፤ መጨረሻው ላይ የምትለጠፈዋ እንደ እኛ «ዬ» ማቆላመጫ ናት። ስሙ መነሻው ግሪክ ነው። ትርጉሙን ሳየው ክኒኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሉል! ከባሕር የሚወጣው ሉል። አንቺው እኮ ነሽ።

ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። «አገሬ ያለች ጓደኛዬ በስም እርስዎ ናት» አልኳቸው። ስምሽን ሦስቴ አስደገሙኝና ራሳቸው «ሉሊት» አሉ፣ ሳይሳሳቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ስገባ የሚቀድመው ሰላምታ «ሉሊት እንዴት ናት?» ሆኗል። «ደህና ናት» እላለሁ። ስለ አንቺ ምንም ሳላውቅ ስዋሽ ሁለት ሳምንት ሞላኝ።

ትናንት ደግሞ «ልጆች አሏት?» አሉኝ። እኔ እንጃ አልል ነገር፣ «ደወል እየጠራኝ ነው» ብዬ አመለጥኩ። እሑድ ተረኛ ነኝ። ከዚያ በፊት ጻፊልኝ፣ እባክሽ።

ያቺው ጠፊዋ