ለዳግማ ትንሣኤ ነይ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ፒያሳ በልጉ ገብቶ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል። ጾሙም ወደ ማለቁ ነው።

በስልክ የጠየቅሽኝን ሳስብበት ሰነበትኩ። የምትሠሪበት የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ላይ መንሸራተቻ ቦታ ለዘንድሮ የሚዘጋበት ቀን ከፋሲካ ጋር ገጠመ፤ "አባዬ፣ የቱን ላድርግ?" አልሽኝ። የእናትሽን መልስ ታውቂዋለሽ። ዶሮ ወጡን ካሁኑ አንቺን አስባ ነው የምታቅደው። እኔ ግን እዚያው ቆዪ እልሻለሁ። የመጨረሻዋን ቀን በደንብ ጨርሰሽ ነይ።

ከኅዳር ጀምሮ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ቬይል ተራራ ላይ፣ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣው ባለ ወንበር ሊፍት ጋ ቆመሽ ሰው ስታሳፍሪ ከረምሽ። ገና ሳይነጋ በረዶ ስትጠርጊ፣ የሰዉን ልጆች ወንበሩ ላይ ስታስቀምጪ። ስኪውንም የተማርሽው በእረፍትሽ ሰዓት፣ ወድቀሽ እየተነሳሽ ነው። ይህን ያህል የደከመ ሰው መዝጊያው ላይ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር መቆም አለበት። ከደቡብ አሜሪካ የመጡት ጓደኞችሽ ወቅቱ ሲያልቅ ወደየአገራቸው ይበተናሉ። ብዙዎቹን ዳግም ላታገኚያቸው ትችያለሽ። በስልክ ሳይሆን አቅፈሽ ተሰናበቻቸው።

ባለፈው ማኪያቶ እየጠጣን ስለ አንቺ ሳወራ አንዱ ወዳጄ "ሐበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው?" አለኝ። ሮቤል ተክለማርያምን አስታወስኩት። በ1998 ዓ.ም. ጣሊያን፣ ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የክረምት ኦሊምፒክ የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። ባንዲራችንን ይዞ ሰልፉን መራ። በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ስኪ 83ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ ተመልሶ ተወዳደረ። ያኔ በቴሌቪዥን ሳየው ደስ ያለኝ ደስታ፣ ዛሬ አንቺ ቁልቁል ስትወርጂ የሚሰማኝ ዓይነት ነው።

አሁን ስለ በረዶው ላውራሽ። ከሄድሽ ወዲህ የማነበው ሁሉ እሱ ሆኗል። በሚያዝያ ያለው በረዶ የጥር በረዶ አይደለም። ቀን ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ ሌሊት ደግሞ ይጋገራል። ይህ ሲደጋገም ቅንጣቱ ክብና ትልቅ እየሆነ ይሄዳል። ማለዳ ላይ ድንጋይ ነው፤ ስኪው ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። ረፋድ ላይ የላዩ ብቻ ለስለስ ይላል። በጣም የሚጣፍጠው ያኔ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ውሃ ያዘለ ጭቃ መሰል ይሆንና እግር ይይዛል። በዚህ ወቅት ጉልበት የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በዚህ ሰዓት፣ ሰውነትም ሲደክም ነው።

ስለዚህ ፀሐይን ተከተዪ። ጠዋት ወደ ምሥራቅ በሚያዩት ቁልቁለቶች ጀምሪ። ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ዙሪ። ባክ ቦውልስ የምትሉት የኋላው በኩል ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይበላሻል። እዚያ ስትገቢ ሰዓትሽን እያየሽ ይሁን። ከታጠረው መስመር ውጭ ግን በፍጹም አትውጪ፣ ልጄ። እርጥብ በረዶ ሲሞቅ ከነግርጌው ይናዳል። "የመጨረሻ ቀን ነው" ብሎ የሚገፋፋሽ ጓደኛ ቢኖርም እምቢ በዪ። ይህን አደራ እልሻለሁ።

መነጽርሽንም አታውልቂ። አዲስ በረዶ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ያንጸባርቃል። ቬይል ከተማዋ ከፒያሳ ብዙም አትለይም፤ ሁለቱም 2,400 ሜትር አልፈዋል። ተራራው ጫፍ ግን 3,500 ሜትር ደርሶ ከእንጦጦ ይበልጣል። ዓይን ከተቃጠለ ሕመሙ የሚሰማሽ ከሰዓታት በኋላ ነው። ክሬሙን አገጭሽ ሥርም ተቀቢ፣ ጨረሩ ከታችም ይመጣልና። የላኩልሽ በሶ ካለ ደግሞ በጥብጠሽ ያዢ። እየጾምሽ ለምትውዪው ለአንቺ ከእሱ የሚሻል አላውቅም።

በረዶው ሲቀልጥ እንዳታዝኚ። ያ ውሃ በጎር ክሪክና በኢግል ወንዝ አድርጎ ኮሎራዶ ወንዝ ይገባል። ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚያ ወንዝ ውሃ ይጠቀማል። እኛ አባይን ስናስብ የደጋውን ዝናብ እንደምናስብ፣ እነሱም የተራራውን በረዶ ሲለኩ ነው የሚከርሙት።

ስኪሽን ከማስቀመጥሽ በፊት ጠርገሽ በደንብ አድርቂው። ጠርዙ ብረት ስለሆነ እርጥብ ከተቀመጠ ይዝጋል። ታቹን ወፈር አድርገሽ ሰም ቀቢውና ሳትፍቂ ተዪው። ፀሐይ የማይመታው፣ ደረቅ ቦታ ይሁን።

ከዚያ ቲኬትሽን ቁረጪ። ፋሲካ ቢያልፍሽ ዳግማ ትንሣኤ አለ። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ዶሮው ደግሞ ይሠራል፣ ድፎ ዳቦውም ይጋገራል። እናትሽን እኔ አሳምናታለሁ፤ አንቺ የምትደርሺበትን ሰዓት ብቻ ላኪልኝ፣ ቦሌ መጥቼ እወስድሻለሁ።

በሰላም ያስፈስክሽ።

አባትሽ፣ ከፒያሳ