ቤት አለን ይባላል?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ቀረሁ። ረስቼህ አይደለም። ግጥም መጻፍ ትቼ ነበር። አንተ ደግሞ ሰላምታ እንኳን ሳትጨርስ "ምን ጻፍክ?" ትላለህ። የምመልስልህ አልነበረኝም።

አሁን አለኝ።

እናቴን መቼም አትረሳትም። ቅኔ ቤት ሳለን አኩፋዳችንን በገብስ ቆሎ ትሞላልን የነበረችው። ባለፈው ሰኔ ለመሬቷ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ መጣች። ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ። ይዣት አንድ ቢሮ ገባን። በዕድሜ የልጅ ልጇ የሚሆን ልጅ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ቀና እንኳን ሳይል "አንቺ፣ ነገ ነይ" አላት። "እርስዎ" ማለት ከበደው። እሷ ግን ከወገቧ ጎንበስ ብላ "እሺ ጌታዬ" አለችው። ጌታዬ! ቋጠሮውን ፈትታ ነበር። መልሳ ስትቋጥረው ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ማታውን ይቺ መጣችልኝ፦

ባለቤቷ ቆማ እንግዳ ሲቀመጥ፣
ቤት አለን ይባላል በሩ ቢለዋወጥ?

ያገራችን ልጅ ዮፍታሔ ንጉሤ ትዝ አለኝ። የደብረ ኤልያሱ። በንጉሡ ዘመን ሕዝብ ቆሞ ይዘምረው የነበረውን የብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው እሱ ነው። በ1928 ጣሊያን ሲወረን ሱዳን ተሰደደ። በሰው አገር ሆኖ ያንን የራሱን ግጥም ሲያስታውስ ምን ይሰማው ነበር እላለሁ። የጎጃም አርበኛም ጫካ ገብቶ አምስት ዓመት ተዋጋ። በ1933 ወራሪው ወጣ።

እኔ የምመኘው የዚያን ነፃነት ቀሪውን ነው። እናቴ በገዛ አገሯ "ይቀመጡ" የምትባልበትን ቀን። ገበሬው ሲናገር ዙሪያውን የማይቃኝበትን። ልጄ "ከየት ነሽ?" ሲሏት "ከጎጃም" ለማለት ድምጿን ዝቅ የማታደርግበትን። ከሌላ አገር የመጣው ጎረቤቷም እንደዚያው። አይበዛም፣ አይደል? ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

"ግጥም ምን ይፈይዳል?" ብለህ ተከራክረኸኝ ነበር፣ ያኔ ስንለያይ። እንጃ። እኔ ያን ማታ ሳልጽፍ ዝም ብዬ ተኝቼ ቢሆን ኖሮ፣ የሚቀጥለው የእናቴ ማጎንበስ ባላመመኝም ነበር። እሱን ነው የምፈራው።

ጉዳይዋ ሳያልቅ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ስንኞቹን አነበብኩላት። "ሁለተኛውን ድገመው" አለችኝ። ደገምኩላት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ስንኝ መጨመር አቅቶኛል። ቤት መምታት አንተ ታውቅበታለህ። ቀጥለህ ላክልኝ። እናቴም ሰላም ብላሃለች።

ወንድምህ
ከደብረ ማርቆስ