ልጃችን ቤቷ ገብታለች፤ እናመሰግናለን

ልጃችን ከሆስፒታል ወጣች። ትናንት ሽሮ በእንጀራ በላች፤ ጨምሩልኝም አለች። ከኮሮና በኋላ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሚመጣው፣ የገዛ ሰውነታቸው መከላከያ የሚነሳባቸው በሽታ (ኤምአይኤስ-ሲ ይሉታል) ነበር የያዛት። የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። እግዚአብሔር ይመስገን።

መጀመሪያ ዶክተሯ። ስሜን እንዳትጠሪ ስላለችኝ ነው ዝም ያልኩት። በሦስተኛው ቀን አማቴ አልጋው አጠገብ ቆመው «በማን በኩል ነው?» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። በእኛ ቤት የዘር ነገር ሲነሳ ጣቱ ወዴት እንደሚዞር ይታወቃል። ዶክተሯ ሰማች። ሌሊቱን ተረኛ ሆና ያደረች ሰው፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የመድኃኒት ካርቶን ቀደደችና ጀርባው ላይ ትጽፍልን ጀመር።

ኮሮናው ከወር በፊት እንደ ጉንፋን ሆኖ አልፏል፤ አሁን የሚያቃጥላት የገዛ ራሷ መከላከያ ነው አለች። ባለቤቴ ባጃጅ እንደሚነዳ ታውቃለች። «ፍሬን የበጠሰ ባጃጅ ከቁስቋም ቁልቁል ሲወርድ አስበው» አለችው። እሱ ወዲያው ገባው፤ ፊቱም ጠቆረ።

አንዳንድ ልጆች ላይ የፍሬኑን ሥራ የሚሠሩት ጂኖች ተበላሽተው ይገኛሉ። ጽፋልናለች፦ ኦኤኤስ1፣ ኦኤኤስ2፣ አርኤንኤስኤል። ልጁ የሚታመመው የተበላሸውን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። በፈረንጆቹ 2022 በወጣ ጥናት፣ እንዲህ ከታመሙ 558 ልጆች ይህ የተገኘው 5ቱ ላይ ብቻ ነው። የእኛዋ የጂን ምርመራ አላደረገችም። «እማማ፣ ይኼ ከሆነ ከሁለቱም ነው፤ የብዙዎቹ ልጆች ግን ምክንያቱ ገና አልታወቀም» አለች ዶክተሯ። አማቴ ዝም አሉ። ቆይተው ካርቶኑን ተቀበሉና አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። እስካሁን አልመለሱልኝም።

ዶክተርዬ፣ ልጄን ብቻ አይደለም ያዳንሽው። ይኼን ስጽፍ እንባዬ አላስችል አለኝ።

የሕፃናት ክፍል ነርሶች፣ የልቧን ኢኮ ያነሳችሁላት፣ የባጃጅ ልጆች፣ እድርተኞቻችን፣ የሰፈር ሰው ሁሉ፣ ብድራችሁን ይክፈልልኝ። ታይፎይድ ነው ብሎ ሁለቴ ለመለሰን ክሊኒክ ምስጋና የለኝም። ቂምም የለኝም። (ትንሽ አለኝ።)

ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ፣ ልቤ ገና አልተመለሰም።

አንቺ ከደባርቅ የመጣሽው፣ ከጎናችን ልጅሽን ስታስታምሚ የነበርሽው፣ ስልክሽን ሳልይዝ ወጣሽ። ያን ሌሊት ለልጄ ያለበስሽው ጋቢ እኔ ጋ ነው። አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ።