አማካሪ ሳይገኝ ቅጽ አይሞላ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያዎቻችሁን እከታተላለሁ። የማመልከቻው ቀነ ገደብ፣ የሚጠየቀው ውጤት፣ የቋንቋ ፈተናው ሁሉ በደንብ ይገለጻል። በምርምር ለሚሠራ ዲግሪ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ነገር፣ አማካሪ (ምርምሩን የሚመራ መምህር) የማግኘት ጉዳይ፣ አይነሣም።

በኮርስ የሚሰጥ ዲግሪ በወንበር ብዛት ይወሰናል። ፒኤችዲ (ዶክትሬት) ሲሆን ግን አንድ መምህር ለዓመታት አብሮት የሚሠራ ሰው መቀበሉ ነው። ርዕሱን የሚያውቅ፣ ጊዜም ያለው መምህር በትምህርት ክፍሉ ከሌለ የአመልካቹ ውጤት የቱንም ያህል ቢያምር ማመልከቻው ይመለሳል። የሚደርሰው መልስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «የአመልካቹ ቁጥር ብዙ ስለነበር» የሚል ነው። ወጣቱም ጉድለቱ የራሱ መስሎት ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። ይህ ያንገበግበኛል።

አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ ማስታወቂያው ይህን ቢጠቁም ብዙ ልፋት ያስቀራል። በጀርመን በተደራጀ ፕሮግራም ውስጥ ሳይገቡ በግል ለሚሠራ ዶክትሬት በቅድሚያ የአንድ ፕሮፌሰር ፈቃድ ያስፈልጋል። በስዊድን፣ በኖርዌይና በኔዘርላንድስ ብዙው የፒኤችዲ ቦታ ደመወዝ ያለው ሥራ ሆኖ ስለሚወጣ እንደ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው መነበብ ያለበት። በብሪታንያ ትምህርቱ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ዓመት ሲሆን፣ በብዙ መስኮች የጥናት ዕቅዱ ከማመልከቻው ጋር ይጠየቃል። በአሜሪካ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ኮርስ ስላለ በብዙ ክፍሎች አማካሪው ከገቡ በኋላም ሊወሰን ይችላል።

እኔ መምህር ነኝና የአመልካቾች ኢሜይል ይደርሰኛል። አብዛኛው ሙገሳ የበዛበት፣ ለማንም ሊላክ የሚችል ጽሑፍ ነው። አንዲት አመልካች ግን የጻፈችልኝ አራት መስመር ብቻ ነበር፤ ስለ ጉድጓድ ውኃ ጨዋማነት ባወጣነው ጽሑፍ ናሙናው የተወሰደው በዝናብ ወራት ብቻ መሆኑን አስተውላ፣ በደረቁ ወራት ቢለካ ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያንኑ ቀን መለስኩላት። ጽሑፉን አንብባዋለች፤ የጎደለውን አይታለች፤ ጥያቄውም በሦስት ዓመት ሊሠራ የሚችል ነው። «የአየር ንብረት ለውጥ በግብርና ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብሎ የሚጀምር የጥናት ዕቅድ ግን ምን እንደሚለካ፣ መረጃው ከየት እንደሚገኝ ካልነገረኝ ምን ብዬ ልመልስ?

የድጋፍ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ስሙ ከገነነ ሰው ይልቅ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ያረመ መምህር ቢጽፈው ይበልጣል፤ እሱ አመልካቹ ሲሳሳትም ሲያርምም አይቷልና።

ዩኒቨርሲቲዎችም ኃላፊነት አለባቸው። በዓመቱ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉት መምህራን እነማን እንደሆኑ በግልጽ ያውጡ፤ የማመልከቻ ክፍያ የሚያስከፍሉትም ይህን ከክፍያው በፊት ያሳውቁ። አመልካቹን የመለሱት አማካሪ በመጥፋቱ ከሆነም ይህንኑ ይንገሩት፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ሌላ መምህር እንዲያመለክት መንገድ ይከፍትለታል።

ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ በእያንዳንዱ የምርምር ዲግሪ ማስታወቂያ ሥር «ከማመልከት በፊት አማካሪ ማነጋገር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ መስመር ጨምሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር