ለፕሮስቴት ካንሰር ጨረር ይቅደም መባሉ አላሳመነኝም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ያወጣችሁት ጽሑፍ ከኦፕራሲዮን በፊት ጨረር ቢሰጥ ይሻላል ይላል። አልስማማም። ለፊንጢጣ ካንሰር አዎ፣ ዕጢውን ለማሳነስ ብዙ ጊዜ ጨረር ይቀድማል። ፕሮስቴት ላይ ግን የተለመደ አሠራር አይደለም። ጨረር የነካው ሥጋ ይጠነክራል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ፕሮስቴቱን ከፊንጢጣና ከሽንት ፊኛ ለመለየት ይቸገራል፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ሽንቱን መቆጣጠር የሚያቅተው ሰው ይበዛል። ጽሑፋችሁ ይህን ዝም ብሎ አልፎታል።

ደግሞስ ምን አስቸኮለን? ራዲካልስ በተባለው፣ 1,396 ወንዶች በተሳተፉበትና በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በወጣው ጥናት፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ እንኳ ለሁሉም ወዲያው ጨረር መስጠቱ ብልጫ አላሳየም። ፒኤስኤን (ከፕሮስቴት የሚመነጭ፣ መጨመሩ የካንሰሩን መመለስ የሚጠቁም ፕሮቲን) በደም ምርመራ እየተከታተሉ ከፍ ሲል ጨረሩን መጀመር ይቻላል፤ ብዙዎቹም ጨረሩ ሳያስፈልጋቸው ቆይተዋል።

በሚቀጥለው እትም አንድ ቀዶ ሐኪምና አንድ የጨረር ሐኪም አብራችሁ ጠይቁልን። ታካሚውም ከመወሰኑ በፊት ሁለቱንም ያነጋግር፣ «ጨረሩ ካልሠራ ኦፕራሲዮን ይቻላል ወይ? ማንስ ይሠራዋል?» ብሎ ይጠይቅ።

አንድ አንባቢ